ቁም ዜማን ሹሹታ እንዳይውጠው፦ የትራንስፎርመር ፕሪአምፕ አመራረጥና አገጣጠም

በጎንደር የአቋቋም ጉባኤ ቤት ገብቶ ዜማ ለመቅረጽ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያስቸግረው ከበሮው አይደለም። ከበሮና ጸናጽሉ በስልክም ይያዛል። የሚያስቸግረው ቁም ዜማው ነው። የኔታ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል፣ አጠገባቸው ለቆመው ተማሪ ብቻ በሚበቃ ድምፅ ያዜማሉ። ቤት ገብተው ቅጂውን ከፍ አድርገው ሲሰሙት ከዜማው ጋር «ሹ…» የሚል ነገር አብሮ ይወጣል። ድፋቱ፣ ይዘቱ፣ ርክርኩ፣ ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ሁሉ እዚያ ሹሹታ ውስጥ ይሰምጣል። ጎንደር በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ነው፤ ከዚያ የሚወጣ ቅጂ ከበሮው ብቻ የሚሰማበት መሆን የለበትም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄደው ሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክም አምፕሊፋየርም አልነበረም። የዘፋኙ ጉልበት ራሱ በቀንድ በኩል ገብቶ መርፌውን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ስለዚህ ተቀርጾ የቀረው ጮክ ብሎ የተባለው ብቻ ነው። ዛሬ ያ ገደብ የለብንም። ሆኖም ርካሽ ሪከርደር ይዘን ስንወጣ ራሳችን መልሰን እንፈጥረዋለን።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በማይኩና በሪከርደሩ መካከል የሚገባ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማይተልቅ ትራንስፎርመር ነው። ግን በትክክል ካልተገጠመ ምንም አይፈይድም፤ አንዳንዴም ያባብሳል። ይህ መመሪያ በትክክል ስለሚገጠምበት መንገድ ነው።

የሚሠራው ሥራ

ትራንስፎርመር በአንድ የብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ነው። በመውጫው ያለው ዙር ከመግቢያው አሥር እጥፍ ከሆነ ቮልቴጁም አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ይህ 20 ዲሲቤል ነው። ኃይል ግን አይፈጥርም። ቮልቴጅ ሲያበዛ ከረንት ይቀንሳል። ትራንዚስተር ስለሌለው የራሱ ሹሹታ ከሽቦው ሬዚስታንስ የሚመጣው ብቻ ነው፤ ያም ትንሽ ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው፤ ያለ ቁጥር ይህ ነገር አይገባም። ተራ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዲሲቤል ገደማ ነው። በዚያ ርቀት አንድ ዳይናሚክ ማይክ የሚሰጠው ወደ 40 ማይክሮቮልት ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ ካለው 1.5 ቮልት ጋር ሲነጻጸር አርባ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው። የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው 40 ዲሲቤል ላይ ሲያዜሙ ደግሞ 4 ማይክሮቮልት ብቻ ይቀራል።

አሁን ሹሹታውን እንለካው። 150 ኦም ያለው ማይክ ምንም ድምፅ ሳይገባበት፣ በሽቦው ውስጥ ባለው ሙቀት ብቻ፣ 0.22 ማይክሮቮልት ሹሹታ አለው። ይህን ማንም ሊያወርደው አይችልም፤ የተፈጥሮ ወለል ነው። በብዙ ሚክሰርና መካከለኛ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው 5532 የሚባለው አይሲ የራሱን 0.7 ማይክሮቮልት ይጨምርበታል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.74 ይሆናሉ፤ ሹሹታ እንደ ተራ ቁጥር ስለማይደመር ነው ከ0.92 ያነሰው። እንግዲህ የየኔታ ዜማ ከሹሹታው የሚበልጠው አምስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

ከአይሲው በፊት 1 ለ10 ትራንስፎርመር ሲገባ የአይሲው ድርሻ ወደ ማይኩ ተመልሶ ሲታሰብ በጣም ያንሳል። የጥቅሎቹ ሽቦ የሚጨምረው ተቆጥሮ እንኳ ጠቅላላው ወደ 0.3 ማይክሮቮልት ይወርዳል። ዜማው አሁን ከሹሹታው አሥራ ሦስት ጊዜ ይበልጣል። በዲሲቤል ሲነገር ሰባት ተኩል ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ርክርኩ ተለይቶ ይወጣል።

«እንግዲያው 1 ለ30 አድርጌ ሁሉንም ላጥፋው» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ቮልቴጁ በዙሩ ልክ ሲበዛ ኢምፒዳንሱ በዙሩ ካሬ ይበዛል። በ1 ለ10 የማይኩ 150 ኦም በመውጫው በኩል 15,000 ኦም ሆኖ ይታያል፤ በ1 ለ30 ደግሞ 135,000። በዚህ ጊዜ የአይሲው የከረንት ሹሹታ ይነሳና ያተረፉትን ይበላዋል፤ ቀጭኑ ድምፅም በገመዱ ካፓሲታንስ ይታፈናል። ለተራ ዳይናሚክ ማይክ ከ1 ለ7 እስከ 1 ለ10 ያለው ይበቃል።

የትኛውን ልያዝ?

አዲስ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ካለ «ማይክራፎን ኢንፑት ትራንስፎርመር፣ 150 ለ15,000 ኦም» ብሎ ይጠይቅ። ከአሮጌ ሚክሰር ወይም ከድሮ ባለሪል ቴፕ የሚወጣውም ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ዛሬ ከሚሠራው ይሻላል። የሬዲዮ መውጫ ትራንስፎርመር፣ የቻርጀር ትራንስፎርመር ግን አይሆንም። እነዚህ ለሌላ ሥራ የተጠመጠሙ ናቸው፤ ወፍራሙን ድምፅ ወይም ቀጭኑን ይቆርጣሉ።

ከዙሩ ቀጥሎ የሚታየው ልባሱ ነው። ጥሩው ትራንስፎርመር ሙሜታል በሚባል የኒኬል ቅይጥ ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ 50 ኸርዝ የመብራት ማግኔት እንዳይገባበት የሚጠብቀው ያ ጣሳ ነው። ሙሜታል ሲመታ፣ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲበሳ ጠባዩ ይበላሻል። ስለዚህ በላዩ ላይ ቀዳዳ አይብሱ፣ በብሎን አያጣብቁት፤ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ከሄዱም በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙት።

ከመግጠምዎ በፊት ይሞክሩት

ያልታወቀ ትራንስፎርመር ሲያገኙ እጅ የሚቸኩለው ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ለመለካት ነው። አይለኩት። ቴስተሩ በኦም መለኪያ ላይ ሳለ ዲሲ ይልካል፤ ያም ትንሹን እምብርት ማግኔት አድርጎ ወፍራሙን ድምፅ ያጣምመዋል። ሳያውቁ ለክተውት ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፦ ሪከርደሩን ነቅለው ከስልክ 30 ኸርዝ ድምፅ በመግቢያው ጥቅል ይስጡ፣ ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያሉ እስከ ዜሮ ያውርዱት። ማግኔቱ ይለቀዋል።

ትክክለኛው መሞከሪያ ሁለት ሬዚስተርና ስልክ ብቻ ይፈልጋል። የስልኩን የሄድፎን መውጫ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ያምጡና በ150 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ያውርዱት። በ150 ኦሙ ጫፎች ላይ የሚያገኙት ልክ እንደ ማይክ ነው፤ ቮልቴጁ ትንሽ፣ ኢምፒዳንሱም 150። መጀመሪያ ይህን ያለ ትራንስፎርመር ወደ ሪከርደሩ አስገብተው በ1,000 ኸርዝ ቃና ሌቨሉን ይመዝግቡ። ጌይኑን ሳይነኩ ትራንስፎርመሩን መሃል ያስገቡ። ልዩነቱ 19 ዲሲቤል ገደማ መሆን አለበት። ቀጥሎ በ100 እና በ10,000 ኸርዝ ይድገሙት፤ ከ1,000ው ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ዲሲቤል ካልበለጠ ዕቃዎ ደህና ነው።

19 ሳይሆን 12 ወይም 2 ዲሲቤል ብቻ ካገኙ ትራንስፎርመሩን አይጣሉት። ጥፋቱ በሪከርደሩ መግቢያ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡ።

የሪከርደሩ መግቢያ ኢምፒዳንስ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ማይኩ ሲመለስ በመቶ ይካፈላል። ተራው የማይክ መግቢያ፣ ካነን የሚሰካበት፣ 2,000 ኦም አካባቢ ነው። ለመቶ ሲካፈል 20 ኦም። 150 ኦም ያለው ማይክ 20 ኦም ሲሸከም ድምፁ ይሞታል፤ አሥር እጥፍ ያደረጉት ቮልቴጅ መልሶ ወደ አንድ ነጥብ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። 10,000 ኦም ባለው የላይን መግቢያ ደግሞ 100 ኦም ይሆንና 8 ዲሲቤል ይጠፋል። ስለዚህ የትራንስፎርመሩ መውጫ መግባት ያለበት ለጊታር በተሠራው መግቢያ ነው፤ ሃይ-ዜድ ወይም ኢንስትሩመንት ተብሎ ይጻፍበታል፣ ብዙውን ጊዜ 1 ሜጋኦም ነው። እዚያ ላይ በመውጫው ጥቅል ጫፎች መካከል 150 ኪሎኦም ሬዚስተር ይበይዱ። ማይኩ 1,300 ኦም ያህል ሸክም ያያል፤ ለእሱ የሚስማማው ይህ ነው። ሬዚስተሩ ካልተደረገ ትራንስፎርመሩ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ይንጫረራል፤ «ሰ» እና «ሸ» ይስላሉ።

በመጨረሻ ስልኩን ይንቀሉ፤ 150 ኦሙ ግን በቦታው ይቆይ። ጌይኑን ለቁም ዜማ በሚሆን ልክ አድርገው አንድ ደቂቃ ዝምታ ይቅረጹና በሄድፎን ይስሙት። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰሙት የዕቃዎ እውነተኛ ወለል ነው።

አገጣጠሙ

የካነኑ ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ወደ መግቢያው ጥቅል ሁለት ጫፎች ይሄዳሉ። ቁጥር 1፣ ማለትም የገመዱ መረብ፣ ወደ ብረት ሣጥኑ ብቻ ይበየዳል፤ ከጥቅሉ ጋር አይገናኝም። ከመውጫው ጥቅል አንዱ ጫፍ ወደ ጃኩ አፍ፣ ሌላው ወደ ጃኩ ግራውንድ ይገባል። ትራንስፎርመሩ ከጣሳውና በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ካለው ልባስ የወጣ ለብቻው ሽቦ ካለው፣ እሱም ወደ ሣጥኑ።

ሣጥኑ ብረት ይሁን እንጂ አሉሚኒየም አይሁን። አሉሚኒየም የስልክ ሞገድ ይከለክላል፤ የመብራት ማግኔት ግን ያሳልፋል። ማግኔት የሚይዘው የብስኩት ቆርቆሮ ጥሩ ሣጥን ይወጣዋል። በማግኔት የሚፈትኑት ትራንስፎርመሩን ከማስገባትዎ በፊት መሆኑን አይርሱ።

ሣጥኑ የሚቀመጠው ሪከርደሩ አጠገብ ነው፤ ማይኩ አጠገብ አይደለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የድምፅ ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ አለው። ከትራንስፎርመሩ በፊት ማይኩ 150 ኦም ብቻ ስለሆነ 30 ሜትር ቢዘረጋ አይጎዳም። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ግን 15,000 ኦም ስለሆነ 10 ሜትር ገመድ ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ማፈን ይጀምራል፤ የጸናጽሉ ጠርዝ ይደነዝዛል። ከሣጥኑ እስከ ሪከርደሩ ከአንድ ሜትር አይበልጥ፤ ግማሽ ሜትር ከሆነ ይመረጣል።

48 ቮልት ፋንተም ማብሪያው ጠፍቶ ይቆይ። ገመዱ ደህና ሲሆን ጉዳት ላያደርስ ይችላል፤ አንዱ እግር የተበጠሰ ገመድ ሲሰካ ግን ዲሲው በጥቅሉ ያልፋል። ሪበን ማይክ የሚጠቀሙ ከሆነማ ይህን ጉዳይ ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።

ሃም፣ ጣሪያና ብርድ

ሹሹታው ከቀነሰ በኋላ ተራው የሃም ነው፤ ያ ከመብራት የሚመጣው «እምም…» የሚል ድምፅ። ትራንስፎርመር ደካማ ድምፅ እንደሚያሳድግ ሁሉ በአካባቢው ያለውን ማግኔትም ይለቅማል። እኔ ይህን የተማርሁት በዳባት በኩል አንድ ጉባኤ ቤት ውስጥ ነው። ሣጥኑን እንዲመቸኝ ብዬ ከላፕቶፑ ቻርጀር ጎን አስቀምጨው ነበር። የኔታ አንድ ሙሉ ቁም ዜማ ካዜሙልኝ በኋላ ማታ ስሰማው ከሥር ጀምሮ እስከ መጨረሻው 50 ኸርዝ ተጎትቷል። ከክረምቱ በኋላ ስመለስ ታመው ነበር፤ ያዜሙልኝ ግማሹን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቻርጀር፣ ኢንቨርተር፣ ፍሪጅ፣ ስታቢላይዘር ካሉበት ይራቁ። እንዲህ ዓይነቱ ማግኔት ከርቀት ጋር ፈጥኖ ይዳከማል፤ ርቀቱን እጥፍ ሲያደርጉት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ግማሽ ሜትር የነበረውን ሁለት ሜትር ማድረግ ከብዙ ልባስ ይበልጣል። ከዚያ ሄድፎን አድርገው፣ ጌይኑን ከፍ አድርገው፣ ሣጥኑን በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩት። በአንድ አቅጣጫ ሃሙ ድንገት ይወድቃል። እዚያ ያቁሙትና በፕላስተር ያጣብቁት። ላፕቶፑ በባትሪው ይሥራ። ስልክዎን ደግሞ ያጥፉት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ሲጀምር የሚያሰማው «ትር-ትር-ትር» በዜማው መሃል ይገባል።

መብራት የጠፋበትን ሰዓት አያማርሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ሃሙ ከምንጩ ይደርቃል፤ ጎረቤት ጄኔሬተር ካላስነሳ ከዚያ የሚሻል ሰዓት የለም። ከወቅት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ ልፋት ብቻ ነው፤ መብረቅ ሲኖርም ከመብራት ጋር የተገናኘ ዕቃ ሁሉ ይነቀል። የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ካገኙ እሱን ይምረጡ፦ ግድግዳው ድምፁን አያንጫርርም፣ ጣሪያውም አይጮህም።

ወደ ደባርቅ ሲወጡ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። መኪና ውስጥ ያደረ ሣጥን ጠዋት እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ እንደ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ያልበዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ አልቦት ሳለ ጃኩን ብሰካው ሄድፎኑ ውስጥ እንደሚፈነዳ ቆሎ ጠሽ-ጠሽ አለ፤ ጃኩን ስነቅለው የውኃ ጠብታ ነበረበት። ዕቃውን በላስቲክ ከረጢት አስረው ያስገቡት፤ ቤቱን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ሳይከፍቱት ያቆዩት። ጠብታው ላስቲኩ ላይ ይቀራል።

በቀረጻው ዕለት

መጀመሪያ ፈቃድ። የኔታን ብቻ ሳይሆን የደብሩንም አስተዳዳሪ ያስፈቅዱ፤ ለምን እንደሚቀርጹና ቅጂው የት እንደሚቀመጥ በግልጽ ይንገሩ። ቅዳሴ ላይ ገመድ አይዘርጉ። ለትምህርት የሚሆነው ቅጂ በጉባኤ ቤት ነው የሚገኘው።

ማይኩን ከየኔታ አፍ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ ከከንፈራቸው ትንሽ ወደ ጎን ያቁሙት። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ 6 ዲሲቤል ገደማ ያተርፋል፤ ይህ ትራንስፎርመሩ ከሚሰጥዎ ብዙም አያንስም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ስለዚህ ስለ ዕቃ ከማሰብዎ በፊት ስለ ርቀት ያስቡ። የኔታ ግን ሲያዜሙ ይንቀሳቀሳሉ፤ መቋሚያው ማይኩን እንዳይመታው ቦታውን አብረው ይወስኑ።

አቋቋም ከቁም ዜማ ተነስቶ ወደ ዝማሜ፣ ወደ መረግድ፣ ወደ ጽፋት ይሄዳል። በጽፋት ጊዜ ከበሮው በቅርብ ካለ ከ110 ዲሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ያ ድምፅ በ1 ለ10 ሲያልፍ የሪከርደሩን መግቢያ ያስጮኻል፤ ወፍራሙ የከበሮ ድምፅም ትንሹን እምብርት እስከ አፉ ሞልቶ ሊያጣምመው ይችላል። በእምብርቱ የሚመጣውን መጣመም በጌይን ብቻ ማስተካከል አይቻልም፤ መጣመሙ ከጌይኑ በፊት ነው የሚፈጠረው። የእኔ ምክር ሁለት ማይክ ነው። አንዱ በትራንስፎርመር በኩል ለቁም ዜማው፣ ሌላው ያለ ትራንስፎርመር ራቅ ብሎ ለከበሮው፤ በሁለት ትራክ ለየብቻ ይቀረጹ። አንድ ማይክ ብቻ ካለዎት ቁም ዜማውን ይጨርሱና ያቁሙ፣ ትራንስፎርመሩን ያውጡ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። የኔታ ይታገሡዎታል፤ ተማሪ ሲያስተካክሉ የኖሩ ናቸው።

ለማሲንቆና ለበገናም ይኸው ነው። ማሲንቆ ሲጮህ ቀላል ነው፤ አዝማሪው ለብቻው ሆኖ ክሩን በለሆሳስ ሲዳብስ ግን የትራንስፎርመሩ ቦታ ነው።

በ24 ቢት ይቅረጹ፤ ከፍተኛው ሌቨል ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል ላይ ይቁም። ሲጨርሱ ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ፤ በኋላ ሹሹታ ከሃም ለመለየት ይጠቅምዎታል። ፋይሉን ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዜማውን ስምና ማይኩ የነበረበትን ርቀት ጽፈው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ሦስተኛውን ቅጂ በሚሞሪ ካርድ አድርገው በዚያው ዕለት ለየኔታ ይስጡ፤ ተማሪዎቻቸው ዜማውን መልሰው የሚሰሙት ከእሱ ነው።